ኮሚናሉ ውስጥ ወደ ኋላ መንሸራተት እንዴት ተማርኩ

መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ በሚከፈትባቸው እሑዶች መስቀል አደባባይ አካባቢ ልጆች በሮለር ስኬት ወደ ኋላ ሲከንፉ ባየሁ ቁጥር ልቤ አብሯቸው ይሄድ ነበር። እኔ ደግሞ ወደ ፊት ብቻ ነበር የምችለው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የምንንሸራተትበት በረዶ የለንም፤ ያለን ባለ ጎማ ጫማ ነው። የግቢያችን መንገድ ኮብልስቶን ስለሆነ ትንንሾቹ ጎማዎች በድንጋዮቹ መሃል ይቀረቀራሉ። የተረፈኝ የነዋሪዎቹ የጋራ አዳራሽ፣ ኮሚናሉ ነበር። ሰርግም ለቅሶም ከሌለ ማለዳ ላይ ባዶ ነው፤ ሲሚንቶውም ልስልስ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ እጠርገዋለሁ። ወደ ኋላ ስትሄዱ ጠጠሯን ቀድማችሁ አታዩዋትም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ ግድግዳ መግፋት ብቻ ነበር። ጉልበቴን አጥፌ በሁለት እጄ ገፋ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ እግሬን ሳላንቀሳቅስ ዝም ብዬ መሄድ። ቀላል ይመስላል፤ ፍርሃቱን ያወጣልኝ ግን እሱ ነው።

ቀጥሎ ሎሚው መጣ። የእግሮቼን ጣቶች ወደ ውስጥ፣ ተረከዞቼን ወደ ውጭ አዞራለሁ። ጉልበቴን አጥፌ በጎማዎቹ የውስጥ ጠርዝ ወደ ጎን ስገፋ እግሮቼ ይከፈታሉ፤ ሰውነቴም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሲሰፉ ተረከዞቼን መልሼ አቀራርባለሁ። እግሮቼ ወለሉ ላይ የሎሚ ቅርጽ ይሥላሉ። በረዶ ላይ የሚማሩ ጀማሪዎችም የሚጀምሩት በዚሁ ነው። ልዩነቱ ሲቆሙ ነው፤ የእነሱ ብረት ወደ ጎን በረዶውን እየፋቀ ያቆማል፣ የእኛ ጎማ ግን ወለሉን ይይዛል እንጂ አይፋቅም።

ይህን ሳላውቅ ነው የወደቅሁት። ወደ ፊት ስሄድ የቀኝ እግሬን ጣት ቀና አድርጌ በተረከዙ ፍሬን መቆም ለምጃለሁ። ወደ ኋላ ስሄድም ያንኑ አደረግሁ። ፍሬኑ ወለሉን ሲይዝ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ሄልሜት አድርጌ ስለነበር ራሴ ተረፈ፤ ወገቤን ግን ለቀናት አሞኛል። እባካችሁ ሄልሜት ሳታደርጉ ወደ ኋላ አትሞክሩ። ከዚያ ወዲህ መቆም ስፈልግ መግፋቴን አቆማለሁ፤ እግሮቼን በትከሻዬ ስፋት ከፍቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ ፍጥነቱ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ለዚህ ነው ደልዳላ ቦታ የግድ የሚሆነው።

ያልታወቀኝን ጥፋት ያየልኝ የጎረቤት ልጅ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እግርዎን አይመልከቱ!» አለኝ። እውነቱን ነበር። አንገቴን ስደፋ ወገቤም ይጎብጣል፣ ክብደቴ ጣቶቼ ላይ ይወድቃል። ቀና ብዬ በግራ ትከሻዬ በኩል ወደ ኋላ ማየት ስጀምር ሎሚዎቹ ተያያዙ።

አሁን ኮሚናሉን ከዳር እስከ ዳር ሳልቆም እሄዳለሁ። አንዱን እግር ቀጥ አድርጌ በሌላው ብቻ ግማሽ ሎሚ መሥራትም ጀምሬያለሁ፤ በቀኝ እሺ ብሎኛል፣ ግራው ገና ነው። ቅዳሜ ኮሚናሉ ሰርግ ስላለበት ለግራው እሑድ እመለሳለሁ።