«የፋሢካ። አይነካም።»

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን የምጽፈው ማጀት ውስጥ፣ ድስቱ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ቅዳሜ ሚያዝያ 3 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። ሽንኩርቱ ገና ነው።

እማዬ ያረፈችው ጥቅምት 6 ነው። መንፈቋ ማክሰኞ ይውላል። ያለ እሷ የመጀመሪያው ፋሲካ ይኸው ደረሰ።

ዛሬ ጠዋት በርበሬ ስፈልግ ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አገኘሁ። ክዳኑ በነጠላ ቅዳጅ ታስሯል። ላዩ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በእስክሪብቶ «የፋሢካ። አይነካም።» ይላል። የእሷ ጽሕፈት ነው። እማዬ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዘመቻው በ1971 ሲጀመር ልጅ እግር ነበረች። ከእሳቱ «ሲ» የንጉሡን «ሢ» ትመርጣለች። «ንጉሡ ያምራል» ትለኝ ነበር።

በርበሬው ያለፈው ዓመት ነው። በ2017 ካዛንቺስ የነበረው ሰፈራችን ሲነሳ እኛ ገላን ጉራ ገባን፤ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ። እሷ ግን ገና ዕቃችንን ፈትተን ሳንጨርስ ማረቆዋን ገዝታ መቀንጠስ ጀመረች። ደጃፉ ላይ ሸራ ዘርግታ አሰጣችው። በነጭ ሽንኩርቱ፣ በዝንጅብሉ፣ በበሶብላውና በጤና አዳሙ ደለዘችው። ወፍጮ ቤት ስንሄድ ከሰው በርበሬ እንዳይቀላቀልባት አጠገቡ ቆማ ንቅንቅ አላለችም። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ እያስነጠሰች። ቤት ስንገባ ቅንድቧ ሁሉ ቀይ ነበር።

ማመስገን ያለብኝ ሰዎች አሉ። እትዬ፣ የእማዬ ቡና አጣጪ፣ ዛሬ ከቦሌ አራብሳ ታክሲ እየቀያየሩ መጥተው ዶሮዋን 12 አድርገው ገነጠሉልኝ። በሎሚና በጨው ደጋግመው አጥበው፣ «ልጄ፣ ሽንኩርቱን አታስቸኩዪው» ብለውኝ ሄዱ። ዕድርተኞቻችን፣ ሰፈሩ ሲፈርስ እናንተ አልፈረሳችሁም። የቀብሯ ቀን ዓመት ሊሞላችሁ ሳትተያዩ የቆያችሁ ሰዎች ድንኳን ስትተክሉ አይቻችኋለሁ። ያቺን ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረስከን የባጃጅ ልጅ፣ ገንዘብ ስዘረጋልህ «ለእኔም እናቴ ናት» ብለህ ሄድክ። ስምህን እንኳን አልጠየቅኩህም። ነርሷ፣ አንቺ ደግሞ ጠያቂ ሊገባ ሲል ፀጉሯን አበጥረሽ ሻሿን ያሰርሽላት፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሰሞኑን ዘመድ ሁሉ «በቃ ጥቁሩን አውልቂ፣ በትንሣኤ አይለቀስም» ይለኛል። ቅር አይበላችሁና፣ ይህን ነገር መቀበል አቅቶኛል። እሞክራለሁ፣ እበላለሁ፣ ካለቀስኩም አለቅሳለሁ። ዘንድሮ ሐዘን ላይ ያላችሁ፣ በተለይ እንደ ታናሽ እህቴ መርዶ በስልክ የሰማችሁ፣ ወረቀታችሁ ስላላለቀ አፈር ሳታለብሱ የቀራችሁ፣ ቤታችሁ ዶሮ ባይሸት ማንም አይፍረድባችሁ። እናት ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ቴክስት አትላኩላት። ደውሉ። የምታወራችሁ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው። አውሯት።

እማዬ 55ቱን ቀን ጾማ፣ ከዓርብ ጀምሮ አክፍላ፣ ወጡን ሳትቀምስ ጨው ትመጥን ነበር። ድስቱ ላይ ጎንበስ ትልና ሽታውን ትስባለች። «ትንሽ ይቀረዋል» ትላለች፤ ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች። አንድም ዓመት አልሳተችም። እኔ ጎንበስ ስል የሚሸተኝ እሷው ናት፤ የጨውን ነገር ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው የማውቀው።

ከዕቃው ሁለት ኩባያ ወሰድኩ። የቀረው አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። ግማሹ የእህቴ ነው። ከበዓል በኋላ ወደ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ሰው የምታውቁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ንገሩኝ። ግማሽ ኪሎ ናት፣ ሻንጣ አትከብድም። ፕላስተሩንም ቀስ ብዬ አንስቼ አብሬ እልክላታለሁ። እኔ አፈር አልብሻታለሁ። እሱ ለእህቴ ይድረሳት።