የሕፃን ክንድ አልነሳ ሲል እንዴት እንደምመረምር
ደሴ ብርዳም ናት፤ ሕፃን ወደ ክፍላችን የሚገባው በጋቢ ተጠቅልሎ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝና መጀመሪያ ክፍሉን አሙቄ ልጁን ከወገቡ በላይ አስወልቀዋለሁ። ሁለቱን ክንዶች ጎን ለጎን ሳላይ ምንም አልናገርም።

ከኩታበርም ከሐይቅም የሚመጡ እናቶች «እጁ አይነሳም» ይላሉ። «ሲወለድስ ያንቀሳቅሰው ነበር?» እላለሁ። ሲያንቀሳቅስ ቆይቶ ካቆመ የአጥንት ወይም የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ከተወለደ ጀምሮ ከሆነ ስለ ምጡ እጠይቃለሁ። ልጁ ትልቅ ነበር? ትከሻው ተይዞ ነበር?

ከዚያ ሳልነካው አያለሁ። ክንዱ ከጎኑ ተለጥፎ፣ ክርኑ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ጣቶቹ ግን የሚጨብጡ ከሆነ፣ ከአንገት ወደ ክንድ ከሚወርዱት ነርቮች የላይኞቹን እጠረጥራለሁ። ጣቶቹም ከዛሉ፣ በዚያው በኩል የዓይኑ ቆብ ወረድ ካለ፣ ጉዳቱ ከባድ ነው። ያኔ ሪፈር ለመጻፍ ቀን አልቆጥርም።

ቀጥሎ እጁን ቀስ ብዬ አንቀሳቅሳለሁ። የነርቭ ጉዳት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደልብ ይታጠፋል። ሲወለድ ጀምሮ መገጣጠሚያው ደርቆ ከሆነ፣ በተለይ በሁለቱም እጅ፣ አርትሮግሪፖሲስ የሚባለውን፣ መገጣጠሚያዎች ከልደት ጀምሮ የሚደርቁበትን ችግር አስባለሁ። ስነካው ካለቀሰ ስብራት ይኖር እንደሆነ ራጅ ይነሳል። እባካችሁ ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታስጎትቱት።

ሕፃን «ይሰማኛል» ብሎ አይነግረኝም። ስለዚህ ጣቶቹን ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል እነክራለሁ። ነርቩ ደህና ከሆነ ቆዳው ይሸበሸባል፤ ከተቋረጠ ልሙጥ እንደሆነ ይቀራል። መሣሪያ በሌለበት ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ።

ብዙዎቹ ልጆች በራሳቸው ይድናሉ። ግን በ3 ወሩ ክርኑን ራሱ ማጠፍ ካልጀመረ «አብሽሪ፣ ይሻለዋል» ብዬ አልሸኝም። ነርቭ ያጣ ጡንቻ እየመነመነ ይሄዳል፤ የቀዶ ሕክምናው ጊዜም ያልፋል። የነርቭ ቀዶ ሐኪም በጊዜ ሊያየው ይገባል። እኔ ጋ ልጁ ስለሚያለቅስ፣ እናትየው ቤት ሲጫወት በስልኳ እንድትቀርጸው አደርጋለሁ። ከምርመራዬ ይልቅ ቪዲዮው ብዙ ያሳየኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዓመት ሳይሞላው «ልጄ ግራኝ ነው» ከተባልኩ ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን አብሬ እመረምራለሁ። በዚያ ዕድሜ አንዱን እጅ ብቻ መምረጥ ከአንጎል የሚመጣ ድክመት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው።