ድምፅ የማይሰማበት የሒሳብ ክፍል

ትናንት ማታ በቨርጂኒያ የምትኖረው የእህቴ ልጅ፣ 25 ጥያቄ በ40 ደቂቃ ለሚሠራበት የኤኤምሲ 8 የሒሳብ ውድድር የሚያዘጋጃትን የኢንተርኔት ትምህርት ስትከታተል አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የመምህሩ ፊት አይታይም፤ ድምፁም አይሰማም። ጥያቄው በጽሑፍ ይመጣል፣ ተማሪዎቹም በጽሑፍ ይመልሳሉ። በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ለተማርኩት ለእኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ትምህርት አልመሰለኝም።

ጥያቄው ከ1 እስከ 100 ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ሲባዙ ውጤቱ በስንት ዜሮ እንደሚያበቃ የሚጠይቅ ነበር። ዜሮ የሚመጣው 2 እና 5 ሲባዙ ስለሆነና 2 ደግሞ የተትረፈረፈ ስለሆነ፣ ልጅቷ የ5 ብዜቶችን ብቻ ቆጥራ 20 ብላ ጻፈች። መምህሩ ግን ተሳስተሻል ሳይል፣ «25 ውስጥ ስንት 5 አለ?» ብሎ ብቻ ጻፈላት። እርሳሷን አንስታ 25፣ 50፣ 75 እና 100ን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደረደረች፤ እያንዳንዳቸው አንድ ተጨማሪ 5 እንደያዙ ስታይ ሳቀችና 24 ብላ መለሰች።

በእኛ ጊዜ ቀድሞ እጁን ያወጣ ጎበዝ ይባል ስለነበር፣ በተሳሳተ መልስ ላይ እንዲህ ተረጋግቶ የሚቆይ አስተማሪ ማየቴ አስደስቶኛል። ክፍያው ግን የሚቀመስ አይደለም። ያለፉት ዓመታት የውድድሩ ጥያቄዎች ከነመፍትሔያቸው በኢንተርኔት በነጻ ስለሚገኙ፣ እህቴ ታናሽየውን በእነዚያ ልታስጀምረው አስባለች።