«ወንድ» የተባለው ሎሚ

ዛሬ ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ በቀለም ባልዲ የተከለችውን ሎሚ እያሳየችኝ «አያፈራም፤ ወንድ ነው መሰለኝ፣ ልነቅለው ነው» አለችኝ። ሎሚ እንደ ፓፓያ ወንድና ሴት የለውም፤ አንዱ አበባ ሁለቱንም ይዟል።

ችግሩ ሌላ ነው። ሁለት ረጃጅም እሾሃም ቀንበጦች ዛፉን ውጠውታል። ቅጠላቸውን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት፣ አንገቱ ላይ ሌላ ትንሽ ቅጠል የተለጠፈበት የሚመስል ሰፊ ክንፍ አለው። የሎሚው ግን ጠባብ ነው። ክንፋሙ ሎሚው የተዳቀለበት፣ ማለትም ቀንበጡ ተቀጥሎ የተጣበቀበት፣ የኮምጣጣ ብርቱካን ሥር ያበቀለው ነው፤ የሎሚውን ምግብ እየበላ ያድጋል። ግንዱ ላይ ሁለቱ ከተጣበቁበት እብጠት በታች የሚወጣውን ሁሉ ገና ለጋ ሳለ ከመነሻው ገንጥሉት። ጫፉን ብቻ ከቆረጣችሁት በዝቶ ይመለሳል።

ከእብጠቱ በላይ ግን እጃችሁን ቆጥቡ፦ የደረቀውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውንና ወደ ውስጥ የሚያድገውን ብቻ ቁረጡ። ከሲሶ በላይ ከተገረዘ ቅጠል ሲተካ ይከርማል እንጂ አያፈራም።

ውሃ ደግሞ ጣታችሁን ሁለት አንጓ ስትከቱ አፈሩ ደረቅ ሲሆን ነው። የባልዲው ቂጥ ካልተበሳ ሥሩ ይታፈንና ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ሰው ደግሞ የጠማው መስሎት ይጨምርበታል። ስንቱ ጤነኛ ሎሚ እንዲህ «አያፈራም» ተብሎ ተነቅሏል!