ወረቀቱ ላይ የሌለው ቁጥር

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ነው የምውለው። ከሺህ ሰው አንድ ማለት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም። የመድኃኒት ወረቀት እጄ ሲገባ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ያ ከሺህ አንዱ ሰው እኔ እሆናለሁ። የቀሩት 999 ሰዎች ከዓይኔ ይጠፋሉ።

እንደኔ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ክኒኑ መዳፍ ላይ ነው፣ ውሃው ተቀድቷል፣ እጅ ግን ወደ አፍ አልሄድ ይላል። ብዙዎቻችን ለማንም አንናገረውም። ሐኪም ሲጠይቀን "እየወሰድኩ ነው" እንላለን፤ ቤት ውስጥ ሣጥኑ እንደታሸገ ነው። ይሄ ነገር በግልጽ ሊወራ ይገባል ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው።

አባቴ የሞተው በስትሮክ ነው። ስለዚህ ሐኪሜ የኮሌስትሮል ውጤቴን አይታ "የቤተሰብዎን ታሪክም ስናይ አቶርቫስታቲን ብንጀምር ጥሩ ነው" ስትለኝ አልተከራከርኩም። ምክንያቱ ገብቶኛል። ቤት ስገባ ከሣጥኑ ውስጥ ወረቀቱን አወጣሁት።

ያ ወረቀት ተጣጥፎ ሲታይ ትንሽ ነው። ሲዘረጋ ግማሽ ጠረጴዛ ይሸፍናል። በጣም ስስ ከመሆኑ የተነሳ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ይታያል። መድኃኒቱ ምን እንደሚጠቅም የሚናገረው ክፍል ከላይ ጥቂት መስመር ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ክፍል ግን ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም። እነዚህን አለፍኳቸው። ጣቴ የቆመው ራብዶማዮሊሲስ የሚል ቃል ላይ ነው። ጡንቻ ይፈርሳል፤ ከውስጡ የወጣው ነገር ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሽንት ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል።

ወረቀቱ ይህን ችግር የመደበው "እምብዛም ከማያጋጥሙት" ውስጥ ነው። አመዳደቡ በዘፈቀደ አይደለም። በአውሮፓ ወረቀቶች "በጣም የተለመደ" የሚባለው ከ10 ሰው ቢያንስ አንዱን የሚያጋጥም ነው። "የተለመደ" የሚባለው ከ100 ሰው ከ1 እስከ 10 ድረስ። እምብዛም የማያጋጥመው ቢበዛ ከ1,000 ሰው አንዱን ነው። ከዚያ በታች ደግሞ ከ10,000 ሰው አንድ እንኳ የማይሞላው አለ። ይህን ሁሉ አንብቤ ተረድቻለሁ። መረዳቴ ግን እንቅልፍ አላመጣልኝም።

በዚያ ሰሞን ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ጭኔን ጫን ጫን እያደረግሁ እፈትሸው ነበር። ጠንከር አድርገው ሲጫኑት የማያም ጭን የለም፤ እኔ ግን "ትናንት እንዲህ ያም ነበር ወይ?" እያልኩ ደግሜ እጫነዋለሁ። ጠዋት የሽንቴን ቀለም በአምፖል መብራት አያለሁ። አልረካ ስል መስኮቱን ከፍቼ በቀን ብርሃን አያለሁ። ሌሊቱን ውሃ ስለማይጠጣ የጠዋት ሽንት ሁሌም ጠቆር ይላል። አውቃለሁ። ልቤ ግን ይመታል። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድም ክኒን ገና አልዋጥኩም።

ፍርሃቱ ከየት እንደሚመጣ ብዙ አስቤበታለሁ። ሰው ባለማወቁ ብቻ ነው የሚፈራው የሚለውን አልቀበልም። እኔ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ችግሩ ጉዳቱና ጥቅሙ እኩል አለመታየታቸው ነው። ጉዳቱ ስም አለው። ቦታ አለው፤ ጭኔ ውስጥ፣ ኩላሊቴ ውስጥ። ዛሬ ማታ ሊጀምር ይችላል። ጥቅሙ ግን ምንም ዓይነት ስሜት የለውም። መድኃኒቱ በትክክል ሠርቶ ስትሮክ ቢያስቀርልኝ ያ ስትሮክ እንደቀረልኝ በሕይወቴ አላውቅም። ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ያልፋል። ሰው የማያየውን ጥቅም ከሚያየው ስጋት ጋር ሲመዝን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው።

ደግሞ ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አቶርቫስታቲን ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል የሚቀንሱ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ሰሪቫስታቲን የሚባል የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ነበር። ልክ እኔ የምፈራውን የጡንቻ ጉዳት ከሌሎቹ እጅግ አብዝቶ ስላመጣና ሰዎች ስለሞቱበት እ.ኤ.አ. በ2001 ከገበያ ወጥቷል። ከዚያ በፊትም እርጉዝ ሴቶች ለማቅለሽለሽ የወሰዱት ታሊዶማይድ ብዙ ሺህ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳያድግ እንዲወለዱ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1961 ከገበያ መነሳት ሲጀምር የብዙ ቤተሰብ ሕይወት ተበላሽቶ ነበር። ዛሬ ያ ረጅም ወረቀት የሚጻፈው፣ የጎንዮሽ ጉዳት በየአገሩ ተመዝግቦ የሚሰበሰበው፣ እንዲህ ዓይነት መከራ ስለደረሰ ነው። ስለዚህ ለሚፈራ ሰው "ዝም ብለህ ዋጠው" ማለት ልክ አይመስለኝም።

አንድ ቦታ ስጋቴን ተናግሬ "ኧረ ተይ፣ ሐሳብ ነው" ተብዬ አውቃለሁ። በጣም ነው የከፋኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ዝም አልኩ።

ዝምታውን የሰበረልኝ አንድ ወጣት ፋርማሲስት ነው። ሣጥኑን ይዤ ሄጄ መጀመር እንዳቃተኝ ነገርኩት። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። "የሚፈሩት የትኛውን ነው?" አለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ራብዶማዮሊሲስን ነው አልኩት።

"እሺ" አለ። "እሱ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። ትንሽ ቆርጠም የሚያደርግ ሕመም አይደለም። በሁለቱም ጭን፣ በትከሻ፣ ሰፋ ብሎ የሚይዝ ብርቱ ሕመም ነው። ከወንበር መነሳት፣ ፀጉር ለማበጠር ክንድ ማንሳት ሊያቅት ይችላል። ሽንት ቀለሙ በግልጽ ይጠቁራል፤ ውሃ ጠጥተውም አይነጣም። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ያኑ ዕለት ይሂዱ። ክሬያቲን ካይኔዝ የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ጡንቻው ተጎድቶ እንደሆነ ያሳያል።"

አንድ ሌላ ነገርም ጨመረልኝ። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአጋጣሚ ሳይሆን የሚያባብሰው ነገር ሲኖር ነው። ለምሳሌ ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ጉበት አቶርቫስታቲንን ሰባብሮ የሚያስወግድበትን ኤንዛይም እንዳይሠራ ያግደዋል። ያኔ የአቶርቫስታቲኑ መጠን ደም ውስጥ ከፍ ይላል፣ ጡንቻም አደጋ ላይ ይወድቃል። "ስለዚህ ማንም ሐኪም አዲስ መድኃኒት ሲያዝልዎ ስታቲን እንደሚወስዱ መጀመሪያ ይንገሩት" አለኝ።

ወጥቼ ስሄድ ትከሻዬ ቀለለኝ። "አይደርስብዎትም" ብሎ አላጽናናኝም። ቢደርስ በምን እንደማውቀውና የት እንደምሄድ ግን ነገረኝ። ለእኔ ከማጽናኛ ይልቅ ይሄ ነው የሠራው። ስሙን ብቻ የማውቀው ነገር መልክ ሲኖረው፣ የቀረውን ቀን ሙሉ እሱን መፈለግ አቆምኩ።

ክኒኑን ከመጀመሬ በፊት ደግሞ በራሴ ሐሳብ አንድ ነገር አደረግሁ። ደብተር አውጥቼ ያኔ የሚያመኝን ሁሉ ጻፍኩ። አንገቴ፣ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሼ ስለምውል። ግራ ጉልበቴ፣ ደረጃ ስወርድ። ወር መጨረሻ ሒሳብ ስንዘጋ የሚመጣብኝ ራስ ምታት። አንዳንድ ሌሊት እግሬን ጥፍር የሚያደርገኝ ነገር። ጽፌ ስጨርስ ገጹ ሞላ! ሁሉም ያለ አንዲት ክኒን የመጡ ናቸው። በእኛ ሥራ የዞረ ሒሳብ የምንለው ነው። ካለፈው ዓመት ምን እንደዞረ ሳታውቅ የዘንድሮውን ብትሠራ፣ አሮጌው ዕዳ ሁሉ የዘንድሮ ይመስልሃል። ያን ደብተር ባልይዝ ኖሮ የጉልበቴም የአንገቴም ሕመም ለአቶርቫስታቲን ይጻፍ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ጤነኛ የሆኑና ምንም መድኃኒት የማይወስዱ ሰዎች፣ ባለፉት 3 ቀናት ምን እንደተሰማቸው ተጠየቁ። 81 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ የሆነ ስሜት ነበራቸው፤ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ትኩረት ማጣት። የመድኃኒት ወረቀት ላይ የምናነበው ዓይነት ዝርዝር ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን በኢምፔሪያል ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሳምሰን የሚባል ጥናት ነው። 60 ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ስታቲን ጀምረው የጎንዮሽ ጉዳቱን መቋቋም ስላቃታቸው ያቋረጡ። ለእያንዳንዳቸው 12 ጠርሙስ ተሰጣቸው፤ ለየወሩ አንድ። አራቱ እውነተኛ ስታቲን፣ አራቱ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን፣ አራቱ ደግሞ ምንም የሌለባቸው ባዶ ጠርሙሶች። ቅደም ተከተሉ በዕጣ ነው። ስታቲኑና ማስመሰያው አይለዩም። ሰዎቹ በየቀኑ የሕመማቸውን መጠን ከ0 እስከ 100 ስልካቸው ላይ ይሞላሉ።

ውጤቱን እንደ ሒሳብ ሰው እዩልኝ። ምንም ባልወሰዱባቸው ወራት አማካዩ 8.0 ነው። የዞረ ሒሳብ ያልኩት ይሄ ነው። በስታቲን ወራት 16.3 ደረሰ። በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው፤ ሰዎቹ ስታቲን ያመናል ሲሉ አልዋሹም። በማስመሰያው ወራትስ? 15.4። ከተጨመረው ሕመም ወደ 90 በመቶ የሚሆነው መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሲውጡም መጣ። ይህን ኖሴቦ ይሉታል፤ ጉዳት ስንጠብቅ የሚመጣ እውነተኛ ሕመም። እውነተኛ የሚለውን አስምሩበት። ያ 15.4 ሰዎች የተሰማቸው ሕመም ነው። "ሐሳብ ነው" ብሎ ማለፍ የማይገባውም ለዚህ ነው። ውጤታቸውን ካዩ በኋላ ከ60ዎቹ ግማሾቹ ወደ ስታቲን ተመልሰዋል።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ የጎደለው ይሄ ነው። ወረቀቱ መድኃኒቱን ከወሰዱት ስንቱ እንደታመመ ይነግረናል። ማስመሰያውን ከወሰዱት ስንቱ እንደታመመ ግን አይነግረንም። ቁጥሩ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። በአሜሪካ ለሐኪሞች በሚዘጋጀው የአቶርቫስታቲን መግለጫ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን በሰንጠረዥ ተቀምጠዋል። የመገጣጠሚያ ሕመም፦ መድኃኒቱን ከወሰዱት 6.9 በመቶ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 6.5። የእጅና የእግር ሕመም፦ 6.0 እና 5.9። የጡንቻ ሕመም፦ 3.5 እና 3.1። ልዩነት የለም አልልም፣ አለ። ግን 3.5 ብቻውን ሲነበብና አጠገቡ 3.1 ተጽፎ ሲነበብ የተለያየ ነገር ነው የሚናገረው። ያ ሰንጠረዥ በሐኪሙ እጅ ብቻ ለምን ይቀራል? ክኒኑን የምንውጠው እኛ ነን።

በቅርቡ ታናሽ ወንድሜ ለፕሮስቴት እብጠት ፊናስተራይድ ታዘዘለትና ደወለልኝ። ከእኔ ይብሳል እሱ። "እህቴ፣ ወረቀቱን ሳላነበው ብወስደውስ?" አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በዚሁ መድኃኒት ላይ ተሠርቷል። ሁሉም ወንዶች እውነተኛውን ፊናስተራይድ ወሰዱ። ለግማሾቹ የወሲብ ችግር ሊያመጣ እንደሚችል ተነገራቸው፣ ለግማሾቹ አልተነገራቸውም። ከተነገራቸው 43.6 በመቶው፣ ካልተነገራቸው 15.3 በመቶው ችግሩ እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ስለዚህ አለማንበብ የሚጠቅም ይመስላል።

እኔ ግን አንብበው ነው ያልኩት። ሰውነቱ የእሱ ነው፤ ምን እንደሚገባበት ማወቅ አለበት። ከሰው ተደብቆ የተሰጠ መድኃኒት ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በፊት ታይቷል። ብቻ መጀመሪያ ደብተር አውጣና ዛሬ ያለብህን ጻፍ፣ ወሲብ ነክ የሆነውንም ሳታፍር ጻፍ አልኩት። ከዚያ ፋርማሲስቱን ሁለት ነገር ጠይቀው፦ የምፈራው ነገር ቢመጣ በምን አውቀዋለሁ? ማስመሰያውን ከወሰዱት ሰዎችስ ስንቱን አጋጠመው?

ማታ ተመልሶ ደወለ። ፋርማሲስቷ ሁለተኛውን ጥያቄ ከዚህ በፊት ማንም ጠይቋት እንደማያውቅ ነግራዋለች። ኮምፒውተሯ ላይ ፈልጋ አግኝታ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችለት።