ከወር አበባ በፊት ያሉት ቀናትና የቻይና መርፌ

የወር አበባዬ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ጡቴ ይወጠራል፣ ሆዴ ይነፋል፣ እንቅልፌም ይቆራረጣል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን በጥቂት ነገር ግንፍል ማለቴና ያለ አንዳች ምክንያት ሆድ የሚብሰኝ መሆኑ ነው። ደሙ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይህ ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። እናቴ "ብርድ መቶሽ ነው" ትለኛለች፤ ቢሮ ያሉት ደግሞ "ዛሬ ምን ነካት?" ተባብለው ያልፉታል። እኔ ነገሩ የቅድመ ወር አበባ ሕመም (በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ PMS) የሚባል፣ የታወቀና የሚታከም መሆኑን ከተረዳሁ ወዲህ የሞከርኩትን የቻይና ባህላዊ ሕክምናና የለወጥኳቸውን ልማዶች፣ የትኛው ምን ያህል እንደጠቀመኝ ለይቼ ለመጻፍ ወደድኩ።

ምልክቶቹ የሚነሱት እንቁላል ከወጣች በኋላ የሚመጣው የወር አበባ እስኪጀምር ባሉት ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በዚህ ችግር የሚሠቃዩ ሴቶች የሆርሞን መጠን ከሌሎች ሴቶች የተለየ ሆኖ አይገኝም፤ የሚለየው አንጎላቸው ፕሮጄስትሮን ለተባለው የሴት ሆርሞን መውጣትና መውረድ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ስሜትን በማረጋጋት ረገድ ድርሻ ያለው ሴሮቶኒን የተባለ የአንጎል ንጥረ ነገርም በዚሁ ውስጥ አለበት። ለዚህም ነው በደም ምርመራ ተፈልጎ የማይገኘውና ሐኪሞች ቢያንስ የሁለት ዑደት ዕለታዊ ማስታወሻ የሚጠይቁት። ማስታወሻውን የያዝኩት በግድግዳችን ላይ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ነው። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን በመሆኑ፣ ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት ቀኗ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን እየቀደመ ሲመጣ በዓይኗ ታየዋለች፤ ስሌቱን የምታዛባው ጳጉሜን ብቻ ናት።

የምኖረው በከተማችን ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተሠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይገኛል፤ ስሙ በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣችልንን ጥሩነሽ ዲባባን ያስታውሳል። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት በ1974 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አኩፓንክቸር የሚባለው የመርፌ ሕክምናም በእነርሱ በኩል ለብዙ ሕመምተኛ ደርሷል፤ በአብዛኛው የሚመጣው ግን ወገቡን ወይም ጉልበቱን ያመመው ሰው እንጂ እንደ እኔ ያለ ጉዳይ የያዘ አይደለም።

እኔን ያየችኝ ቻይናዊት ሐኪም በአስተርጓሚ አማካይነት ስለ ሕመሜ ከመጠየቋ በፊት ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ሆድ አወጣጤና እግሬ ይቀዘቅዝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምላሴን አስወጥታ አየች፤ ቀጥላም በሦስት ጣቶቿ የሁለቱንም እጆቼን የደም ሥር ትርታ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። በእነርሱ ትምህርት የዚህ ሕመም ዋነኛ ምክንያት "ቺ" የሚሉት የሕይወት ኃይል በጉበት መስመር ላይ መታገዱ ሲሆን፣ ቁጣና ጭንቀት ያግደዋል ይላሉ። መርፌዎቹ ከክር የቀጠኑ ናቸው። አንዱ የገባው በእግር አውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት አጥንቶች መካከል ባለው ስርጉድ ቦታ ነበር፤ ሲገባ ብዙም አያምም፤ ሐኪሟ በጣቶቿ ስታሽከረክረው ግን ድንዝዝ የሚያደርግ ከባድ ስሜት እስከ ቁርጭምጭሚቴ ተሰራጨ፤ እርሷም መርፌው ቦታውን ያገኘው ያን ጊዜ መሆኑን ነገረችኝ። ሌላው ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በአራት ጣት ከፍ ብሎ፣ ከአጥንቱ ጀርባ የሚገባ ነው። ይህን ቦታ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ አይወጉም፣ አይጫኑምም።

ጠቀመኝ ወይ? ንዴቴ በመጠኑ በርዷል፤ የጡቴ መወጠር ግን ያው ነው። ይህንንም ቢሆን በመርፌው ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ተኝቶ ማረፍና የሚያዳምጥ ሐኪም ማግኘት በራሱ መድኃኒት ነውና። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ የመረመረው 277 ሴቶች የተካፈሉባቸውን 5 ጥናቶች ሲሆን፣ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል ቢያመለክትም የማስረጃው ጥራት ዝቅተኛ መሆኑን አልደበቀም።

በዕፅዋቱ ላይ ግን አቋሜ ጠንከር ያለ ነው። በስፋት የሚታዘዘው "ሺያዎ ያዎ ሳን" የተባለው ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ጀምሮ የሚታወቅ ቅመማ ነው፤ በውስጡ ዝንጅብልና ናና እንኳ ስላሉ ለእኛ ባዕድ አይመስልም። ነገር ግን ከሚገቡት አንዱ የሆነው ሊኮሪስ የተባለ ጣፋጭ ሥር ሲበዛ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየምን ይቀንሳል፤ "ዳንግ ጉዪ" የተባለው ሥር ደግሞ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ለምትወስድ ሴት የመድማት አደጋ ያስከትላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለማክሳት በተሰጠ የቻይና ዕፅ ፈንታ አሪስቶሎክያ የተባለ ተክል ተቀላቅሎ በርካታ ሴቶች ኩላሊታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ይዘቱ ያልተጻፈበት ዱቄት፣ ማንም "ጉዋደኛዬን አድኗታል" ቢለኝ አልወስድም።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ በቤቴ ያደረግሁት ለውጥ ነው። የታክሲ ሰልፍ ለመቅደም ሌሊት 11 ሰዓት የምነሣ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ በነዚያ ቀናት ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛት ግዴታዬ ሆነ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከሥራ መልስ ጎረቤት የምታፈላውን ቡና አቦሉን ቀምሼ ቶናና በረካውን መተው ጀመርኩ፤ ይህ በእኛ ሰፈር ከመርፌው ይልቅ ድፍረት ይጠይቃል፣ ያኮረፈችኝም አለች። ከወረድኩበት ፌርማታ እስከ ብሎካችን ያለውን መንገድ ባጃጅ ትቼ በፍጥነት እራመዳለሁ።

ካልሲየም ደግሞ ማስረጃው ከዕፅዋቱ የተሻለ ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በቀን 1,200 ሚሊግራም የወሰዱ ሴቶች ምልክት በሦስተኛው ዑደት በ48 በመቶ ሲቀንስ፣ የማስመሰያ ክኒን በወሰዱት ላይ የቀነሰው በ30 በመቶ ነበር። ወተትና እርጎ በማይበላባቸው የጾም ወራት ይህን መጠን ማሟላት ቀላል አይደለም፤ ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ የበለጠ ካልሲየም ስላለው፣ ጎመንና ያልተፈተገ ሰሊጥ ከጨመርኩበት ወደ መጠኑ ቢያንስ እጠጋለሁ። ክኒን ለመጀመር ግን፣ በተለይ የኩላሊት ጠጠር ላለባት ሴት፣ ሐኪም ማማከር ይቀድማል። ለዚሁ ሕመም የሚወሰደው ቫይታሚን ቢ6ም እንደ ከረሜላ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭን ይጎዳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የከፋ ሁኔታም አለ። ሥራዋን መሥራት፣ ልጆቿን መንከባከብ እስኪያቅታት ድረስ የምትጨነቅ፣ ወይም በየወሩ በነዚያ ቀናት ሞትን የምትመኝ ሴት፣ ያለባት በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ራሱን ችሎ የተመዘገበው፣ PMDD የሚባለው ከባድ የቅድመ ወር አበባ የስሜት ሕመም ሊሆን ይችላል። ለእርሷ መርፌም ጎመንም አይበቃትም። ሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች ለዚህ ሕመም ይታዘዛሉ፤ ለአንዳንድ ሴቶችም ወሩን ሙሉ ሳይሆን ከወር አበባ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ መውሰድ ስለሚበቃቸው፣ ማስታወሻዋን ይዛ ወደ አእምሮ ሐኪም ወይም ወደ ማሕፀን ሐኪም ሳትውል ሳታድር መሄድ አለባት።