ቃል የሌለው ድራማ እና 20 ሊትር ውሃ

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ። በ2015 ዓ.ም. የድራማ ክበቡን የሚይዝ መምህር ጠፋ። በፊት ይይዝ የነበረው የአማርኛ መምህር ተዛውሮ ሄዷል፤ ሌሎቹ ክፍለ ጊዜ በዝቶባቸዋል። «እስኪ አንተ ያዛቸው» ተባልኩ። ቲያትር አልተማርኩም። ልጆቹን ግን ሜዳ ላይ አውቃቸዋለሁ፤ እሺ አልኩ። በቀጣዮቹ አምስት ወራት ምን እንደሠራንና የት ላይ እንደተሳሳትኩ ነው የምጽፈው። ክበብ የያዘ ሌላ መምህር ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን 22 ልጆች መጡ። የተጻፈ ድርሰት ይዘዋል። አባት ይሰክራል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ልጅቷ ከትምህርት ትቀራለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ይመክራል። ሁላችንም ትምህርት ቤት ያየነው ዓይነት ነው። «በሉ አሳዩኝ» አልኳቸው። ተደርድረው ቆሙና አፋቸው ብቻ መሥራት ጀመረ። እኔ የስፖርት ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ መጀመሪያ እግር ላይ ነው የሚያርፈው። አንዲት ልጅ «ቤታችን ተቃጠለ!» ብላ ስትጮህ እግሮቿ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል እንደምትቆመው ነበሩ። ገጥመዋል፤ ቀጥ ብለዋል። ድምጿ እሳት ውስጥ ነው፣ እግሯ ሰልፍ ላይ።

ያን ዕለት ማታ ወሰንኩ። ድርሰቱን ለጊዜው እናስቀምጠዋለን። ከሰውነት እንጀምራለን፤ ቃል ካስፈለገ በኋላ ይመጣል። በኋላም አላስፈለገም።

ፊዚካል ቲያትር የሚባል፣ ከቃል ይልቅ በሰውነት እንቅስቃሴ የሚሠራ ቲያትር እንዳለ የሰማሁት ኮሌጅ እያለሁ ነው። አሁን ሳነብ ዣክ ለኮክ የሚባል ፈረንሳዊ ጋ ደረስኩ። በ1956 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የቲያትር ትምህርት ቤት ከፍቶ በ1999 እስኪሞት ድረስ ያስተማረ ሰው ነው። እኔን የያዘኝ መነሻው ነው፤ ከስፖርት ነው የመጣው። ሰውነት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ልብ ማለት የጀመረው ጂምናስቲክ ሲሠራ ነው። ይህን ሳነብ ድፍረት አገኘሁ። የማላውቀው ቤት ውስጥ የማውቀው ዕቃ ተቀምጦ እንዳገኘሁ ነው የቆጠርኩት።

ከእሱ ትምህርት ወስጄ በጣም የተጠቀምኩበት ሰባቱ የውጥረት ደረጃዎች የሚባለውን ልምምድ ነው። ደረጃ አንድ ላይ ሰውነት ዝሏል፤ መቆም ራሱ ያቅታል። ሁለት ላይ ዘና ብሏል። ሦስት ላይ ልክ ነው፤ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሠራል። አራት ላይ አንድ ነገር ቀልቡን ስቦታል። አምስት ላይ ሥጋት ገብቶታል። ስድስት ላይ ስሜቱ ገንፍሏል። ሰባት ላይ ከድንጋጤ ብዛት ደርቆ ቀርቷል። ቁጥር እየጠራሁ ግቢውን ያቋርጡ ነበር። ከሁሉ የከበዳቸው ሦስት ነው። ምንም ሳይጨምሩ ዝም ብሎ መራመድ። አንዱ ፈገግ ይላል፣ አንዷ ፀጉሯን ትነካለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሦስትን ብቻ ሠራን። ስድስቱ ልጆች ተሰላችተው ቀሩ። አልፈረድኩባቸውም። ግን አሁንም ቢሆን ሁለት ሳምንቱን አላሳጥረውም።

ርዕሱን የመረጡት ልጆቹ ናቸው። «በዚህ ሳምንት ከትምህርት ውጭ ሰውነታችሁ ምን ሠራ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ልብስ አጠብኩ፣ ኳስ ተጫወትኩ አሉ። ሁሉም የተናገሩት ግን አንድ ነገር ነበር፤ ውሃ ቀዳሁ። ጎንደር ለረጅም ዘመን ውሃ በዋናነት የምታገኘው ከአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡን ደለል እየሞላው፣ ከተማው ደግሞ እየሰፋ ሄዷል። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አንዳንድ ሰፈር ሌሊት። አንዱ ልጅ ቧንቧው ውሃ ከመምጣቱ በፊት እንደሚያስል ነገረን። መጀመሪያ አየር ነው የሚወጣው፤ ሽ... ክህ ክህ ይላል። እናቱ ያችን ሳል ሰምታ ከእንቅልፏ ትነሳለች። ልጁ ሲነግረን በአፉ አሰማን። አሥራ ስድስቱም ወዲያው ገባቸውና አብረው አሰሙ። ያቺ ድምፅ የድራማችን መክፈቻ ሆነች። ጨለማ፣ ከዚያ አሥራ ስድስት ሰው እንደ ቧንቧ ሲያስል።

ከዚያ ጀሪካን መጣ። ሁሉም ከቤቱ ቢጫ ጀሪካን አመጣ። ባዶውን ይዘው እንደ ሙሉ እንዲሸከሙ ጠየቅኳቸው። ፊታቸውን አጨማደዱ፣ «እህህ» አሉ፣ ጎንበስ አሉ። አንድም ያሳመነኝ አልነበረም። በየቀኑ የሚሸከሙት ነገር ሆኖ ሳለ ለምን እንዳልሆነላቸው ሳስብ አደርኩ።

በማግስቱ ጀሪካኖቹን ሞላናቸው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ከግቢው ቧንቧ እስከ አዳራሹ በር 30 ሜትር ያህል ነው። አንድ ልጅ ይሸከማል፣ ሌሎቹ ያያሉ፣ ያዩትን ይናገራሉ። ፊት ላይ ምንም የለም! መጀመሪያ ያስገረመን ይሄ ነው። የለመደ ሰው ፊቱን አያጨማድድም። ሥራው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የያዘው ትከሻ ይወርዳል። ባዶው እጅ ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ውጭ ይሄዳል። እርምጃው ያጥራል፤ እግሩ ከመሬት ብዙም አይነሳም። ሲያነሳ ትንፋሹን ይይዛል፣ ሲያስቀምጥ ይለቃል። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ደግሞ ከሙሉው የባሰ ነው፤ ውሃው እየተናወጠ ወዲያና ወዲህ ይጎትታል። ጣት ላይ እጀታው የሚተወው ነጭ መስመር አለ። አንዷ ልጅ መዳፏን ዘርግታ አሳየችን። ሁላችንም ዝም ብለን አየነው።

ልምምዱ እንዲህ ሆነ። ሙሉውን ተሸክመህ 30 ሜትር ትሄዳለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ ሳትቆም ባዶውን አንስተህ ያንኑ መንገድ ትመለሳለህ። መጀመሪያ ላይ ሰውነት ክብደቱን የሚያስታውሰው አምስት ስድስት እርምጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይረሳል። የረሳበት ቦታ ላይ አቁመን እንደገና ወደ ሙሉው እንመለሳለን። በሦስተኛው ሳምንት አብዛኞቹ ባዶውን ይዘው ክብደቱን ሳይረሱ 30 ሜትሩን መጨረስ ቻሉ። ተመልካቹ ያን ቀን ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን ረስቶት ነበር።

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ልናገር። መጋቢት ላይ ሁዳዴና ረመዳን ተደረቡ። ልምምዳችን 9 ሰዓት ተኩል ነው። ከልጆቹ የሚበዙት አንድም ገና ምግብ አልቀመሱም፣ አንድም ውሃ እንኳ አልጠጡም። እኔ ፕሮግራሙ እንዳይበላሽ ብዬ ሙሉ ጀሪካን ማሸከሜን ቀጠልኩ። አንዷ ተማሪ መሀል መንገድ ላይ ጀሪካኑን አስቀመጠችና አጠገቡ ቁጭ አለች። ፊቷ ነጭ ሆኗል። ራሷን አልሳተችም፤ ግን ለጥቂት ነው። ጥላ ስር አስቀመጥናት፣ ቤቷ ድረስ ሸኘኋት፣ እናቷን ይቅርታ ጠየቅኩ። ስፖርት የተማርኩ ሰው ነኝ። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ እስከ ፋሲካ ድረስ ቁጭ ብለን ነው የሠራነው። በድምፅ፣ በትንፋሽ፣ በእጅ ብቻ። ክብደት ስንመልስም በግማሽ ቀንሰን በ10 ሊትር አደረግነው። የጾም ቀን መቁጠሪያ ሳያይ የሰውነት ልምምድ ፕሮግራም የሚያወጣ መምህር እንደ እኔ እንዳይሳሳት እለምናለሁ።

ቁጭ ብለን መሥራታችን ግን ሌላ ነገር ሰጠን። ትንፋሽ አብሮ መሳብ አልሆንላቸው ብሎ ነበር። አንድ ሰው «አንድ፣ ሁለት» ካላለ አሥራ ስድስቱ አብረው አይነሱም። ከልጆቹ አንዱ ዲያቆን ነው፤ አቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሬና ሽብሸባ፣ ይማራል። ጎንደር የአቋቋም አገር ናት፤ አቋቋም የተማረ ሰው የሚመሰከርለት እዚሁ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ነው። «እዚያ ማን ይቆጥራል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ማንም አይቆጥርም ቲቸር። የጎንህ ሰው ክብደቱን ወዴት እንዳዞረ ይሰማሃል» አለኝ። መቋሚያ ይዘን እንሞክረው ስል ግን አንገቱን ነቀነቀ። «ይሄ የቤተ ክርስቲያን ነው ቲቸር፤ መድረክ ላይ አናምጣው።» ልክ ነበር። አላመጣነውም። የወሰድነው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ቆሞ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ የጎን ሰው ክብደት ከግራ ወደ ቀኝ እግሩ ሲዞር መጠበቅ። በየቀኑ 10 ደቂቃ። ከወር በኋላ ማንም ሳይቆጥር አሥራ ስድስት ጀሪካን አንድ ላይ ከመሬት ተነሳ። ድምፁን ብትሰሙት!

እስክስታን በተመለከተ መጀመሪያ ከልክዬ ነበር። ልጆቹ ጭንቅ ሲላቸው ወደ እስክስታ ነው የሚሸሹት፤ ተመልካች ያጨበጭባላ። ግን አንድ ቀን አንዱ ልጅ ከባድ ጀሪካን አስቀምጦ ትከሻውን ለማፍታታት ሲያንቀሳቅስ አየሁት። ወደላይ፣ ወደኋላ፣ ወደታች። በጣም የዘገየ እስክስታ ነው! «እንደገና» አልኩት። ሌሎቹም ያዙት። ከዚያ ቀስ በቀስ አፈጠኑት፤ የደከመ ትከሻ ወደ ጭፈራ ሲቀየር በዓይናችን አየን። ከሠራነው ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ቦታ ነው። ከልክዬ ብቀር ኖሮ አናገኘውም ነበር።

ትዕይንቶቹን የፈጠርናቸው በሙከራ ነው። አራት አራት ሆነው ይከፈላሉ፣ አንድ ሁኔታ እሰጣቸዋለሁ፣ 15 ደቂቃ ይሠራሉ፣ በስልክ እቀርጻለሁ። ማታ አይቼ አንድ ቅንጣት እመርጣለሁ፤ አንዳንዴ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ። ወረፋውን ያገኘነው እንዲህ ነው። ውሃ የሚጠበቅበት ቦታ የሚሰለፈው ሰው አይደለም፤ ጀሪካን ነው። ሰው ጥላ ስር ነው። አንዷ «ታዲያ እኛ ጀሪካን እንሁን» አለች። ተደርድረው ቁጢጥ አሉ፤ አንድ ልጅ እየዞረ ወደፊት ይገፋቸዋል፣ ሌላው ሳይታይ የራሱን ወደፊት ይሰርቃል። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ሳቁ መሀል ላይ ውሃው ይቋረጣል። ቁጢጥ እንዳሉ ይቀራሉ። ዝም።

መቁረጥ ከባድ ነው። በሰው ላይ የሚፈርድ የውሃ ጠባቂ የሚጫወት ልጅ ነበር፤ ጎበዝ አስቂኝ። ግን እሱ ሲገባ ድራማው የእሱ ሆነ፤ ውሃው ተረሳ። አወጣነው። ለሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን መጥቶ የጀሪካኑን ከበሮ ያዘ። ባዶ ጀሪካን ሆዱ ላይ ሲመታ ወፍራም ድምፅ፣ እጀታው ጋ ሲመታ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። የተቀዳ ሙዚቃ አንድም አልተጠቀምንም። መብራት ቢሄድም እንዳይቆምብን ነው።

የእንስራዋ ትዕይንት ግን አስጨነቀችኝ። አንዲት ልጅ አያቷን ሆና በጀርባዋ እንስራ አዝላ መድረኩን ታቋርጣለች፤ ከኋላዋ የልጅ ልጆቿ ጀሪካን ይዘው። ከመካከላችን እንስራ አዝሎ የሚያውቅ የለም። እንስራም አላገኘንም። ጀሪካን በገመድ አዝላ ገምተን ሠራነው። ሌላውን ሁሉ ተሸክመን እያየን ስንሠራ ይቺን በግምት አለፍናት። አላማረችም፤ ምን እንደጎደላት ግን አላወቅኩም ነበር።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ በወላጆች ቀን አቀረብነው። 25 ደቂቃ። ቧንቧው ሲያስል ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «መጣች!» አሉ፣ አዳራሹ ሳቀ። ወረፋው ላይ እንደገና ሳቀ። ውሃው ሲቋረጥ ግን ማንም አልሳቀም።

ሲያልቅ ሰው እየወጣ ሳለ አንዲት አሮጊት ወደ መድረኩ መጡ። የማን አያት እንደሆኑ አላወቅኩም። አያቷን የተጫወተችውን ልጅ እጇን ያዙና «ልጄ፣ እንስራ እንዲህ አይታዘልም» አሏት። ነጠላቸውን አጣፉ። ጀሪካኑን አንስተው ገመዱን ራሳቸው አዞሩት። «ወገብሽ ላይ ነው የሚቀመጥ። ወደ ላይ ስታወጪው አንገትሽን ይገድልሻል። እዚህ።» በመዳፋቸው ወገባቸውን መቱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሄዱ፤ አራት አምስት እርምጃ። አጭር፣ ከመሬት የማይነሳ፣ ፊታቸው ላይ ምንም የሌለበት። ባዶው ጀሪካን ከብዷቸዋል።

ልጅቷ ጫማዋን አወለቀችና ከኋላቸው ሆና ተከተለቻቸው። «እማማ፣ እንደገና» አለቻቸው።